ስልኬን የነካው ማነው?

ስልኬ መጀመሪያ ያበደው ለቅሶ ቤት ነው። የእናቴ የአክስት ልጅ ሞቶ ጎብዬ ሄደን፣ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ በራሱ ጊዜ መጮህ ጀመረ። ጥሪ አይደለም። አንድ ወንድ በማላውቀው ቋንቋ ይስቃል፣ ከኋላው ጭፈራ አለ። ሳወጣው ስክሪኑን ሙሉ የያዘ የካርታ ቁማር ማስታወቂያ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ኤክስ ስጫናት ሌላ ከፈተችብኝ። እሱን ስዘጋው ሌላ። ግራ ሲገባኝ ከታች አድርጌ ተቀመጥኩበት። እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ሰው ሞቶ አንቺ ትጨፍሪያለሽ?»

«እኔ አይደለሁም እማዬ።»

«ታዲያ ስልኩ የማነው?»

ስልኩ የኔ ነው። እንደውም በዚያ ሰሞን የኔ የምለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ተመርቄ ቆቦ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ፣ ቀኑን ሙሉ «ሥራ አልተገኘም?» የሚለኝ ጎረቤት ብቻ ነው ያለኝ። ወልድያ አንድ የግል ድርጅት ግን ማስረጃዬን ተቀብሎኝ ነበር። የተቀበለችኝ ሴትዮ ቀና እንኳን ሳትል «እንደውላለን። ካላነሳሽ ወደሚቀጥለው ሰው ነው የምናልፈው» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤው ነበር የምገባው።

ከለቅሶው በኋላ ማስታወቂያው ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። ስልኬን ስከፍት ይመጣል፣ ስዘጋ ይመጣል። አንዴ ውሻ ይጮሃል፣ አንዴ ዓረብኛ የምታወራ ሴትዮ ክብደት ቀንሱ ትላለች መሰለኝ። አንድ ቀን እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ የዋና ልብስ ብቻ የለበሰች ልጅ ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ማስታወቂያ ናት።»

«እንዲህ ሆና ምን ልትሸጥ?»

«እኔ እንጃ። የምትሸጠውን አይደለም እኔ የማየው፣ እንዴት እንደማስወጣት ነው።»

«አንቺ ካልጠራሻት ማን ጠራት?» አለች። ይሄን ስትል አስተያየቷ ደስ አላለኝም። አንድ ነገር ደርሼብሻለሁ የሚል አስተያየት ነው።

ይሄ ሁሉ እስከዚያ ድረስ ንዴት ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የቢሮ ነው፣ የሞባይል አይደለም።  አረንጓዴውን ልነካ ጣቴን ስሰድ፣ በጥሪው ላይ ቀይ ነገር ተለጠፈበት። ስልክሽ ቫይረስ ይዞታል፣ አሁኑኑ አጽጂው ይላል በእንግሊዝኛ። የኔ ጣት ያረፈው አጽጂው የሚለው ላይ ነው። ሌላ ገጽ ተከፈተ። ወደኋላ ልመለስ ስል አልመለስም አለ። ከስር ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ እኔ ግን የማነሳበት ቦታ የለኝም! ከዚያ ዝም አለ። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል። ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ ማለት ነው ብዬ ግቢው መሀል ቆሜ አለቀስኩ። ከንዴት ነው ያለቀስኩት።

እንባዬን ስጠርግ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ምንም ነገር አልጫንኩም። ይሄ ነገር በራሱ እግር አልገባም። ስልኬን የነካ ሰው አለ።

የነኩትን መቁጠር ጀመርኩ። አንደኛዋ ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ነርስ ናት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ሳቂታ ልጅ። ካርድ ሲያልቅባት ስልኬን ትዋሰኛለች። ሌላው መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቅ ነው። መብራት ሲጠፋ በሶላር ስልክ የሚሞላልን ልጅ ቤት። እናቴንማ አልቆጠርኳትም። ስልኬን በየቀኑ ትነካዋለች፣ ግን ለወንድሜ ነው። ወንድሜ አንድ ቀን ወጥቼ እመጣለሁ ብሎ ሄዶ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ የገባ ነው። ለማናችንም አልነገረንም። ሲመቸው በሰው ስልክ እኔ ጋ ይደውላል፣ ስለዚህ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እናቴ ስልኬን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። አረንጓዴና ቀይ ከመለየት ውጪ ምንም አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው።

መጀመሪያ ነርሷ ላይ ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ስልኬ ላይ የሆነ ነገር ጭነሻል?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! ለእናቴ ደውዬ መለስኩልሽ እንጂ ምን አረግኩ?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ሆነሽ ነው እንዴ የተመረቅሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ስልኩን ሳትነካ፣ እጇን ወደኋላ አድርጋ፣ በነገር መሆኑ ነው፣ አየችው። «ሪሴት አድርጊው በቃ። ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል።»

«ካጠፋሁት ማን እንደጫነው በምን አውቃለሁ?»

«የምትፈልጊው ስልክሽን ነው ሌባውን?»

«ሁለቱንም።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዝም ብዬ ስልኩን እያየሁ ማስታወቂያው እስኪመጣ ጠበቅኩት፣ አይጥ እንደሚጠብቅ ሰው። ሲመጣ ኤክሷን አልነካሁም። ከታች ያለችውን፣ የተከፈቱትን ነገሮች በሙሉ የምታሳየውን ምልክት ተጫንኩ። የከፈትኳቸው ተደርድረው መጡ። ከሁሉም በላይ ማስታወቂያው ተቀምጧል፣ ግን የራሱ ምስል የለውም፣ ነጭ ባዶ ነው። ስም እንኳን የለውም። ባዶው ላይ ጣቴን አቆየሁት፣ ዝርዝሩን አወጣልኝ። በእንግሊዝኛ የጥሪ መቅጃ ይላል። ማይክራፎን ተፈቅዶለታል። ስልክ ተፈቅዶለታል። በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። አጥፋው የሚለውን ስነካ ግን አልሰማኝም፣ ደብዝዟል።

ፋይሎቼ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ። አንድ ፎልደር ሙሉ ድምፅ አገኘሁ። አንዱን ስከፍተው የራሴ ድምፅ ነው። ከካምፓስ ጓደኛዬ ጋር እየሳቅኩ ነው።  የገዛ ሳቄን ሰው ይሰርቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩ። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ ፊቱ ሁሌ ስልክ ላይ ያጎነበሰ። እኛ አገር ማንም ሰው ራሱ አያወርድም። ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመ ጊዜ ነው ይሄ ነገር የለመደብን። ሰው በገበያ ቀን ስልኩን ሱቅ ይሰጣል፣ ባለሱቁ ያለውን በሙሉ ይገለብጥለታል። የራያ ዘፈን የፈለገ ዘፈን፣ መዝሙር የፈለገ መዝሙር፣ መንዙማ የፈለገ መንዙማ፣ ያልተጠየቀውም ምናምን አብሮ ይገባል። ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ ያው ነው፣ ገበሬው ሽንኩርቱን ሸጦ ሲመለስ ስልኩን «ጫንልኝ» ብሎ ያስቀምጣል። ምን እንደተጫነለት የሚጠይቅ የለም።

«የኔን ጥሪ ለማን ነው የምታቀብለው?» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

«የምን ጥሪ?»

ስልኩን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መንገዱን።

«ወላሂ እህቴ፣ አትጩኺ። ደንበኛ ይሰማል።»

«ይስማ! ለዚያ አይደል የጫንከው፣ ሰው እንዲሰማ?»

«እኔ በራሴ አልጫንኩም። እናትሽ ናቸው ያስጫኑት።»

ልመታው ነበር።

«የኔን እናት ነው?»

«አላህ ያውቃል። ስልኩን እንድሞላ ሲያመጡት ነው። የልጄን ወሬ መስማት አለብኝ አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እምቢ ልበላቸው? ፋይሎቹ ውስጥ ያለችውን ቀይ ምልክት ይንኩ፣ ከዚያ ያዳምጡ ብዬ አሳየኋቸው።»

«ማስታወቂያውስ?»

«እሱ አብሮት ይመጣል። ነፃ ነዋ! እኔም ከዋጃ ከአንድ ልጅ ነው የተቀበልኩት። አምጪው ላጥፋልሽ።»

«ስልኬን ሁለተኛ አትነካም» ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳን አላመንኩትም። እናቴን ሰበብ አደረገ፣ ውሸታም ብዬ ነበር። ግን ፊቴን ስታጠብ ደጃፍ ላይ ስልኬን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የምትቀመጠው መጣብኝ። ማንም ሳይደውል ጆሮዋ ላይ።

ቤት ስገባ ማሽላ እየለቀመች ነበር።

«እማዬ፣ ስልኬ ላይ መቅጃ አስጭነሻል?»

ቀና አላለችም። ጠጠር አወጣች፣ ወረወረች።

«አዎ።»

እንዲህ ቶሎ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ይዤው የመጣሁት ጩኸት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ለምን?»

«ያቺ ሪያድ ያለችው ጓደኛሽ፣ በስፒከር ስታወሩ፣ ነይ ስትልሽ ሰማሁ። እኔ አለሁ፣ መንገዱን የሚያሳይሽ ሰው አለ ስትልሽ። አንቺ ምን አልሻት?»

አውቀዋለሁ ያልኳትን። «እስቲ ላስብበት» ነው ያልኳት። አላሰብኩበትም ብል ይሄን የምጽፈው ለምንድነው? አስቤበታለሁ። ቆቦ ቁጭ ብሎ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ምን የማያስበው አለ?

«እሄዳለሁ አላልኩም።»

«አልሄድምም አላልሽ። ወንድምሽም አላለም።»

«እና ትሰልይኛለሽ? የሰው ስልክ ላይ?»

«ልጄ ነሽ እንጂ ሰው ነሽ?»

ይሄን ጊዜ ጮህኩባት። የወልድያው ጥሪ በሷ ምክንያት እንዳመለጠኝ፣ ማስታወቂያው ከመቅጃው ጋር እንደገባ፣ ሥራዬን ከእጄ ላይ እንዳስወደቀችኝ ነገርኳት። እዚህ ላይ ነው የደነገጠችው። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ያቺ ራቁቷን ያለችውም ከዚያ ናት?»

«ከዚያ ናት።»

«እኔ መቅጃ አልኩት እንጂ እሷን ጫንልኝ አላልኩትም! እኔማ አንቺ ያመጣሻት መስሎኝ፣ የምትሄጅበት አገር ሴቶች ናቸው ብዬ!»

መሳቅ አልፈለግኩም ነበር፣ ግን አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ማጥፋት ጀመርኩ፣ እያየች። ቅንብሩ ውስጥ ገባሁ። የማይጠፋው ለካ የስልኩ አስተዳዳሪ ተደርጎ ነው። ደህንነት ከሚለው ስር ነው ያገኘሁት፣ ያንን ምልክት ማንሳት ነው መጀመሪያ። አነሳሁት። ተመልሼ አጥፋው ስለው አሁን ሰማኝ። ያ ሁሉ ድምፅ ያለበትን ፎልደርም ደመሰስኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ዝም አለ። ከጎብዬው ለቅሶ ወዲህ ሲያስለቅሰኝ የነበረው ነገር ጠፍቶ ዝም።

«አሁን በምን አውቃለሁ?» አለች እናቴ።

«ጠይቂኝ።»

«ብትዋሺኝስ?»

 ሰፌዷን አንስታ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ጤነኛ ሆነ፣ እኛ ግን አልሆንንም። እኔ የስልኬን መክፈቻ ቀየርኩ። እሷ መቀየሬን አየች። ስልክ ሳወራ ጭልፋ ፍለጋ ትመጣለች። ጭልፋው የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ማን ጋ ሄዳ ሌላ ነገር ታስጭን ይሆን እያልኩ አያታለሁ። ነርሷ በመሀላችን ስታልፍ ድምጿን ቀንሳ ነው ሰላም የምትለን።

ከወልድያ የተደወለው ተስፋ ቆርጬ ልብስ ሳጥብ ነው። ያው የቢሮ ቁጥር። በአረፋ እጄ አረንጓዴውን ነካሁት፣ ምንም አልወጣብኝም። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ባለፈው ደውለን አላነሳሽም» አለች ያቺ ቀና የማትለዋ ሴትዮ። «ከተጠሩት አንዷ ስለቀረች ነው። ሐሙስ ጠዋት ለፈተና ነይ፣ ዋናውን ማስረጃ ይዘሽ።»

«እመጣለሁ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ።

ስዘጋው እናቴ አልዘለለችም፣ እልልም አላለችም።

«እቺ ሴትዮ ማናት?»

«የድርጅቱ ናት።»

«ደላላ ብትሆንስ? ደላሎቹም ዋናውን ይዘሽ ነይ ነው የሚሉት።»

«ኧረ እማዬ!»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ተጨቃጨቅን። ለሥራ ፈተና ከእናቷ ጋር የምትሄድ ማን አለች አልኳት። ይሳቁብኝ ወይ አልኳት። ሐሙስ ከኔ ቀድማ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ ክርኔን ይዛ ሄደች፣ እኔም አላስለቀቅኳትም።

ድርጅቱ አለ፣ የብረት በሩም፣ ሰሌዳውም። ሌሎች ተፈታኞች ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። እናቴ ሰሌዳውን አታነበውም፣ ስለዚህ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰማችኝ፣ ከዚያ ዞራ ጥበቃውን ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ እንዲህ ነው የሚለው?»

«አዎ እናቴ፣ እንደዚያው ነው።»

«ይሄ ግቢ ሌላ በር አለው?»

«በጓሮ አንድ አለ። ምነው?»

እናቴ የአጥሩን ማዕዘን ዞራ አየች፣ ተመለሰች፣ ከዚያ ሁለቱም በሮች የሚታዩበት ጥግ መርጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስልኬን አጥፍቼ ሰጠኋት፣ ፈተና ውስጥ አይገባም ተብለናል። ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ።