ጫማ የሚወለቅበት ክፍል

ጉርድ ሾላ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ሲከፍት ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተበላ። ኃላፊያችን የእኔን ልጅ አቅፈው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለሞግዚቶቹ አስረክቤያት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ማታ ይዣት ወደ ቦሌ ሚካኤል እገባለሁ። በር ላይ ጫማ አውልቃ ፍራሿ ላይ መተኛትን የተማረችው እዚያ ነው።

በዓመቱ ለማቆያው በጀት አልተያዘም ተባለ። ይዘጋ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም፤ ደመወዝ የቀረባቸው ሞግዚቶች አንድ በአንድ ሄዱና ክፍሉ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። እኔም ልጄን በር ላይ ላሉት ሽማግሌ ጥበቃ አደራ እያልኩ መግባት ጀመርኩ። ውጭ የመኪና ፍሬን በተሰማ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ። ይሄ ሥራ ከተባለ፣ እሠራ ነበር።

አንድ ቀን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ርእሱ ሠራተኛ እናቶችን ስለ መደገፍ ነው። ኃላፊያችን ማይክራፎን ይዘው መንግሥት ለእናቶች ስለሰጠው ትኩረት ሲያብራሩ እጄን አወጣሁ፤ አላዩኝም።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት፤ ከጥበቃው አምልጣ መጥታለች። በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስቀመጠችና በባዶ እግሯ በወንበሮቹ መካከል እየዞረች ፍራሿን ትፈልግ ጀመር።

ኃላፊያችን ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ፣ በማይክራፎኑ።