«ግፊት በር አያንኳኳም»

ያረፉት አክስቴ ነርስ ነበሩ። በደርግ ዘመን፣ በር ሲንኳኳ ሰው ሁሉ በሚደነግጥበት ጊዜ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ፒያሳ ቤት ለቤት እየዞሩ ደም ግፊት ይለኩ ነበር። ሐኪሞች ግፊት በማን ላይ እንደሚበዛ አጥንተው አስቀድመው ለመከላከል ፈልገው ነው የላኳቸው። አክስቴ ግን የራሳቸውም ምክንያት ነበራቸው። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ፣ ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ነው አንድ ጠዋት ወድቆ የቀረው።

አንድ እሑድ ተከትያቸው ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆኜ ነው የምለካው? ደህና ነኝ እኮ!» አላቸው ሰውዬው።

«ግፊት በር አያንኳኳም፤ ለዚህ ነው እኔ የማንኳኳው። በል ክንድህን ስጠኝ» አሉት።

ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እየሄዱ ጨው እንዲቀንስ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ይቆጣጠሩት ጀመር። ሴት ልጁ እኩያዬ ነበረች። አባቷ እጇን ይዞ በቸርችል ጎዳና ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እቀናባት ነበር።

«የአባቴንስ ለምን አልለኩለትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያን ጊዜ ሰው ታሞ እስኪመጣ ነበር የምንጠብቀው፣ ልጄ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። የወርቅ ሠሪው ልጅ የሸበተ አባቷን ትከሻ ተደግፋ እንደ እናቷ አለቀሰችላቸው። እዚያ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜም ቀናሁባት። እኔ የምደገፈው የአክስቴን ትከሻ ነበር።