ሰባት ደቂቃ ያለፈበት ማመልከቻ

የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሁሉም «እትዬ ማኅተም» የሚሏት፣ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ አንድ ወረቀት እንኳ ጠፍቶባት አያውቅም። ጉድ ያፈላባት የግድግዳው ሰዓት ነው። አለቃዋ ማርፈድ የማይታክታቸው ሰው ስለሆኑ፣ በገዛ እጇ አሥር ደቂቃ አስቀደመችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማመልከቻ በተቀበለች ቁጥር አሥሯን በሆዷ ቀንሳ ሰዓቱን ትጽፋለች፣ አለቀ።

ማመልከቻ በሚዘጋበት ቀን ታዲያ፣ የቀረችውን አንዲት የሥርጭት ፈቃድ የሚናጠቁ የሁለት ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጠበቆች መስኮቷ ላይ ተጋጠሙ። አንደኛው የራሱን አስገብቶም አልሄደ፤ ሌላውን በክርኑ ይገፋል። እሷ ስትገላግል አሥሯን ረሳቻት! የሁለተኛው ማመልከቻ ላይ «አሥራ አንድ ሰዓት ከሰባት» ብላ ጻፈች። መቀበያው የሚዘጋው ደግሞ ልክ አሥራ አንድ ላይ ነው።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ለምዝገባ እጇ ገባ፦ «ሰባት ደቂቃ ስላሳለፈ ውድቅ ሆኗል፤ የቀድሞ ፈቃዱም ስላበቃ ጣቢያው ይዘጋል።» ክው አለች። መቶ ሃያ ሠራተኛ በእሷ ብዕር ሜዳ ላይ ሊወድቅ! ጣቢያው ይግባኝ አለ። መሥሪያ ቤቱስ ማንን ምስክር ቢጠራ ጥሩ ነው? እሷኑ!

ባሏ «ለጡረታሽ አራት ወር ነው የቀረው፤ አርፈሽ አፍሽን ያዢ» አላት። ምን ይደበቃል፣ ፈርታለች።

ችሎት ቀረበች። «ጽሑፉ የእርስዎ ነው?» አሉ ዳኛው።

«የእኔ ነው። ስህተቱም የእኔ ነው» ብላ ሁሉን ዘረገፈችው።

«ሰዓቱን ለምን አስቀደሙት?»

«አለቃዬ በጊዜ እንዲገቡ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አለቃዋ አቀረቀሩ።

«ታዲያ ገቡልዎት?»

«እሱስ አልሆነም።»

ዳኛውም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ሰው ተልኮ ሰዓቱ ታየ፤ እውነትም አሥር ደቂቃ ይቀድማል። ማመልከቻው በጊዜው እንደገባ ተቆጥሮ ከተቀናቃኙ እኩል እንዲታይ፣ እስከዚያም ጣቢያው እንዳይዘጋ ተወሰነ። እትዬ ማኅተም ከደስታዋ ብዛት ደረጃውን እንደ ልጃገረድ እየዘለለች ወረደች።

በማግስቱ አለቃዋ ለእሷው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። መዝገቡን ገለጠች፤ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ፊርማዎን ረስተዋል፣ ጌታዬ» አለች ብዕሯን እያቀበለቻቸው። «ያለ ፊርማ አልመዘግብም።»