ቀዩ የአበባ ማጠጫ

ከከሚሴ ወጣ ካለች መንደር ተነስቼ ኢንዶኔዥያ የሄድኩት፣ እስልምና ስለ ውሃና ስለ ዛፍ አጠባበቅ የሚያዘውን ልማር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ኡስታዛችን ባልዲ አስደረደሩና ለሶላት ውዱእ ስናደርግ የሚፈሰውን ውሃ እንድናጠራቅም አዘዙን። እሳቸውም ባልዲያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆሙ።

እኔ በልቤ ኮርቻለሁ። በጀሪካን በተቀዳ ውሃ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እኛ ቤት አንድ ማንቆርቆሪያ ለሁለት ሰው ውዱእ በቅቶ ለዶሮዎቹም ይተርፋል። ግን ማንቆርቆሪያ ሲቀል እጅ ያውቀዋል። እዚያ የምንታጠብበት ቧንቧ አይቀልም። ባልዲዬ ሞልቶ ፈሰሰ።

"ከድርቅ አገር የመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉኝ ኡስታዙ በሁሉም ፊት። ከሰፈራችን አጠገብ ውሃ የሞላውን የጨፋን ረግረግ ላስረዳቸው አሰብኩና ተውኩት።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ይሄ ምን ያስጨንቃል? ማንቆርቆሪያ ግዛ" አለችኝ።

ወላሂ ሳላስተካክለው አገሬ አልገባም አልኩ። ገበያውን ሁሉ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ቀይ የአበባ ማጠጫ ነው። ገዛሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ተሳቀብኝ፤ ሦስቱንም ቀን ግማሹን ውሃ አተረፍኩ።

በአራተኛው ቀን ለዙሁር ሶላት ስወጣ ማጠጫዬን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ዞር ስል ኡስታዙ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማጠጫዬ ሞልቶ ከፊታቸው ቆሟል።

"ና፣ አፍስስልኝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያን ቀን የእኔም ባልዲ ሞልቶ ነበር። ማንም ሳያየኝ ደፋሁት እንጂ።"