ግለ ሂስ በሽንት ጉዳይ

ፋብሪካው ከተወረሰ በኋላ «የእናንተ ነው» አሉን። የእኔ በተባለው ፋብሪካ የወታደር ሸሚዝ ስሰፋ ሽንት ቤት ለመሄድ ግን ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ አንድ የእንጨት ቁራጭ ይንጠለጠላል፤ እሱን ያልያዘች ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። ለአርባ ሴት አንድ እንጨት! ያንን ደንብ ያወጣ ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ ፊኛው ይክዳው።

ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን እንጨቱን ስትጠብቅ አመለጣት። አለቃችን፣ ያቺ ልበ ደንዳና ሴትዮ፣ ጭኗ ላይ ስትሰፋው የረጠበውን ሸሚዝ አንስታ ለሁላችንም አሳየች። ጓደኛዬ ቀና ሳትል መስፋቷን ቀጠለች። እኔ በንዴት መርፌ ሰበርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሆነን ከየካ ሚካኤል በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተሰበሰብን። ሁለተኛ እንጨት እንፈልጋለን፤ ግን አቤቱታ ብንጽፍ አድማ ነው ይሉናል፣ አድማ ደግሞ ያሳስራል። ዘዴውን ያመጣችው ራሷ ነፍሰ ጡሯ ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረብን፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ የጓዱን ወይም የራሱን ጥፋት ይናገራል።

«ታዲያ ጥፋታችንን እንናገራ!» አለች። «"ሽንቴ እየመጣ የአብዮቱን ምርት አደናቅፌያለሁ" እንበላቸው። ስድስታችንም፣ ተራ በተራ።»

በሳቅ ሞትን። እሷ ልትጀምር፣ እኔ ልከተል ተስማማን።

ቅዳሜ ተነሳችና እንዳለችው አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ግን አልሳቀም፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓዲት፣ ይህን ማን አስጠናሽ?»

«ማንም አላስጠናኝም።»

እኔ ለመከተል ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነበር፤ አየኝ።

«አንቺስ? ምን ልትዪ ነው?»

ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ባለ ጥያቄ ተወስዶ አልተመለሰም። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ሂስ አለኝ» አልኩ። ያንን ድምፄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። «ጓደኛዬ በስብሰባው ላይ ቀልዳለች።»

ከስድስታችን የቀሩት አራቱ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ሂስ የቀረበበት ሰው ቆሞ መመለስ አለበት። ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ ካድሬውን ሳይሆን እኔን እያየች፣ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለች።

ሰኞ በእሷ መኪና ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ አገኘኋት። በወሩ እኔን ኮከብ ሠራተኛ አሉኝ፤ ሲያጨበጭቡልኝ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።