እሁድ የተገኘ ቅቤ

ጅማ፣ ሄርማታ ካለችው ሱቄ ፊት ለፊት የክርስቲያን ጎረቤቴ ሱቅ አለ። በዒድ እኔ ስዘጋ እሱ ይከፍታል፤ በፋሲካ እሱ ሲዘጋ እኔ እከፍታለሁ። ሁሉም ሱቅ በአንድ ቀን ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። ጀርመን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ልትወልድ ስትል ላርሳት ተነሣሁ። "እሁድ ሁሉም ዝግ ነው፤ ሰኞም በዓል ስለሆነ የሚያስፈልግሽን ቅዳሜ ግዢ" ብላ መልእክት ብትልክልኝ ሳቅኩባት። የክርስቲያኑ ቢዘጋ የሙስሊሙ መች ይጠፋል ብዬ።

የገንፎ ዱቄትና ኮረሪማ ከቤት ይዣለሁ። ቅቤ ማስገባት ክልክል ነው ስለተባልኩ እዚያው ልገዛ ተውኩት። ቅዳሜ ማታ ባሏ ተቀብሎኝ በመኪና ስንሄድ አንድ ትልቅ ሱቅ ጋ ሲደርስ "ልቁም እንዴ?" አለኝ። "ደክሞኛል፣ ነገ ይደርሳል" አልኩት። እህቴ ሳልደርስላት ወልዳለች፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ሕፃኗን ይዛ ከሆስፒታል ትወጣለች። ቤቷ እንደገባች ገንፎ ላበላት ለእናታችን ቃል ገብቻለሁ።

እሁድ ጠዋት ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ያየሁት ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። በመጨረሻ በዐረብኛ የተጻፈበት አንድ ሱቅ አየሁና አልሐምዱሊላህ ብዬ ገሰገስኩ። እሱም ዝግ፤ ለካ የእሁዱ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው። ብልጥ ነኝ ባይነቴ አናደደኝ፤ እናታችንን ምን ልላት ነው?

ወደ ቤት ተመልሼ፣ ሄርማታ ብሆን የማደርገውን አደረግሁ። ከእህቴ ቤት ትይዩ ያለውን በር አንኳኳሁ። ሽበታም አሮጊት ከፈቱልኝ። የጋራ ቋንቋ የለንም። ሕፃን እንደማባብል ክንዴን አወዛወዝኩና በስልኬ የቅቤ ፎቶ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩኝና ገብተው ያልተከፈተ ቅቤ ይዘው መጡ። በኮረሪማዬ አነጠርኩት።

እህቴ ገንፎዋን እየበላች ቅቤውን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ማል ጄታ? ምን ትያለሽ? ወላሂ እታለም፣ አራት ዓመት ስኖር ያንን በር አንኳኩቼ አላውቅም።"

"እንግዲህ ነገ ለገንፎ ጥሪያቸው" አልኳት።

ሰኞ መጡ። ሕፃኗን ታቅፈው ዋሉ፤ ገንፎውንም ሁለቴ አስጨመሩ። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት በዓል ትዝ አይለኝም።

ጅማ ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሁድ ሱቄ ውስጥ እያለሁ እህቴ ደወለች። ሳቋ እየቀደማት ነው።

"አሁን በሬ ተንኳኳ" አለችኝ። "እሳቸው ናቸው። ጨው አልቆባቸው።"