የሚታጠፍ ቤት ልሠራ ጁባ ሄጄ

ከቦሌ እስከ ጁባ

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ከቦሌ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ወረቀት ይበዛ ነበር። ሳሪስ በሚገኝ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ዲዛይነር ነኝ። ጁባ የሄድኩት ጃፓኖች ኦሪጋሚ የሚሉት የወረቀት እጥፋት ለቤትና ለዕቃ ሥራ እንዴት እንደሚውል ልማር ነው። ስልጠናውን ያዘጋጀው ጊዜያዊ መጠለያ የሚሠራ አንድ ድርጅት ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ በመጨረሻ ከሰሜን ሱዳን ለሚመለሱ ሰዎች የሚታጠፍ ቤት ሠርተን እንድናሳይ ይጠበቅብን ነበር። እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ "ወረቀት ለማጠፍ ጁባ ድረስ? እዚህ የሚታጠፍ ጠፍቶ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

አውሮፕላኑ ሲወርድ ነጭ ዓባይ ሰፊና ቡናማ ሆኖ ታየኝ። ከዳርቻው ጀምሮ ቆርቆሮ፣ የሣር ጎጆና ሰማያዊ ሸራ ተደበላልቋል። ሻንጣዎቻችንን አንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ከምረውልን፣ እየተጋፋን የየራሳችንን ለቀምን። የተቀበለኝ ኢንጂነር ብሩክ ነው፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊና ያገሬ ልጅ። በአቧራማው መንገድ ከኮንቴይነር ወደተሠራው ማደሪያችን ወሰደኝና ሩዝና ባቄላ በላን። ሒሳቡ ሲመጣ አዲስ አበባ ሁለት ሰው ጥሬ ሥጋ ጠግቦ የሚነሳበት ሆኖ አገኘሁት።

"ሁሉም ነገር ከኡጋንዳ በመኪና ነው የሚመጣው" አለኝ ብሩክ።

"ውሃውም?"

"ውሃው ከዓባይ ነው። ቦቴው ነው ከኡጋንዳ።"

ማላኪያ

የምንማረው ማላኪያ በተባለ የጁባ ሠፈር ውስጥ ባለ አሮጌ አዳራሽ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የጣሪያው ሙቀት አናታችን ላይ ይወርዳል። አስተማሪያችን ግሬስ የካምፓላ አርክቴክት ናት፤ ቀጭን፣ ቁጥብና ለማሞገስ የማትቸኩል። መጀመሪያ ያስተማረችን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ላይ የሚወጣውን እጥፋት ተራራ፣ ወደ ታች የሚገባውን ሸለቆ ማለት። መስመሩን በቢላዋ ጀርባ ጫር ማድረግ፣ ከዚያ ማጠፍ፣ ከዚያ መዘርጋት፣ እንደገና ማጠፍ። ሸለቆና ተራራው እንደ ዘንባባ ቅጠል በሰያፍ መስመር ሲደረደር ወረቀቱ በሁለት ጫፉ ሲሳብ ሁለመናው በአንዴ ይከፈታል፤ ሲገፋም በአንዴ ይሰበሰባል።

"ሞኝና ወረቀት..." አልኳት አጠገቤ ለተቀመጠችው ለአስተርጓሚያችን ለአቾል። "የያዘውን አይለቅም" ብላ ጨረሰችልኝ። አቾል ጦርነቱ ሲበረታ ከአጎቷ ጋር ወደ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ የተሰደደች፣ ጋምቤላ የተማረች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። እናቷ ግን በዚያው ግርግር ወደ ካርቱም ሸሹ። እናትና ልጅ ሃያ ዓመት ሳይተያዩ ኖረው፣ እናቲቱ በዚያ ዓመት ለደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር በጭነት ጀልባ ጁባ ደረሱ። ያኔ የወንዙ ወደብ አጠገብ ሸራ ሥር ነበሩ።

ካስተም በሚባለው ገበያ ከከባድ መኪና ላይ ሲወርድ የገዛነውን የፕላስቲክ ሰሌዳ እንደ ወረቀቱ ልናጥፍ ስንሞክር ሁሉም ተቀረቀረ፤ አንዱ ሰሌዳ ማዕዘኑ ላይ ተሰነጠቀ። ግሬስ የጠበቀችው ይመስል ፈገግ አለች። "ወረቀት ውፍረት ስለሌለው ይዋሻል" አለችን። በየመታጠፊያው እንደ ሰሌዳው ውፍረት ክፍተት ተውን፤ ክፍተቱን በጠንካራ ሸራ አያያዝን፤ ታጠፈልን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከሸለቆዎቹ አንዱን በእጄ ከያዝኩት ሌላው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ቢስቡት ቢገፉት አይንቀሳቀስም።

ወደቡ አጠገብ

የመጀመሪያው ናሙና ቤት ለአቾል እናት ለማማ አዱት ተሰጠ። በፒክአፕ ጠፍጣፋ አድርገን ጫንነው፤ ሜዳው ላይ አራት ሆነን ሳብነው፤ ቤት ሆነ። ሠፈሩ ተሰብስቦ አጨበጨበ። ማማ አዱት ረጅም፣ የከሱ ሴት ናቸው። ቤቱን ዞረው አዩትና እንድንዘጋው በእጃቸው አሳዩን። ዘጋነው። ተመልሰው ጓዛቸው ላይ ተቀመጡና ጥቂት ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

አቾል ወደ እናቷ እያየች ተረጎመችልኝ። "የሚታጠፍ ነገር የሚወሰድ ነገር ነው ትላለች። ካርቱም ጫፍ ላይ ሸራ ቤት ነበረኝ፣ ሰዎች መጥተው አጥፈው ጫኑት ትላለች። ጭቃ ግን ማንም ጭኖ አይሄድም።"

"ማንም አይወስድብዎትም በያቸው።"

"ብያታለሁ። ማንን ጠይቀሽ ነው አለችኝ።"

እውነትም ማንንም አልጠየቅንም ነበር። እራት ላይ ብሩክን ጠየቅኩት።

"ናሙና ነው እኮ ሰብልዬ" አለኝ። "ሙከራው ሲያልቅ ታጥፎ ናይሮቢ ይሄዳል፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ ያዩታል። ሲጸድቅ ለሁሉም ይመጣል።"

"መቼ?"

"በጀቱ ሲለቀቅ።"

"እስከዚያ ሴትዮዋ?"

"ሸራቸው አለ አይደል?"

ብሩክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲናገርም ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። በማግስቱ ካስተም ላይ ቦዳ ቦዳ በሚሏቸው የኪራይ ሞተሮች ጩኸት መሐል ቆመን ለአቾል ነገርኳት።

"ማማ አውቃ ነበር ማለት ነው" አለች። "ካላስ፣ በቃ። በጭቃ እንመርገዋለን። ሃያ ዓመት አላየኋትም፣ እህቴ። ቤት ውስጥ ተኝታ ልያት።"

እዚያው ቀርከሃና ደረቅ ሣር ገዝተን ተመለስን። የሠፈሩ ሴቶች ጭቃ በእግራቸው አቦኩ። ጭቃው ፕላስቲኩ ላይ አልያዝ ብሎ ተንሸራተተ፤ ሴቶቹ ስቀው ሣሩን እየጎነጎኑ አሰሩበት፤ ያኔ ያዘ። ግን የሚለጥፉት የሰሌዳዎቹን ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ነበር። እንዲያ ከሆነ ሰዎች መጥተው ሲስቡት ጭቃው ይረግፋል፤ ቤቱም ይታጠፋል። ተነሥቼ ሸለቆዎቹን አሳየኋቸው። "ቀርከሃው እዚህ ይግባ፤ እዚህም" አልኩ። ማላኪያ ውስጥ ስንት ቀን የለፋሁበትን ትምህርት፣ ቤቱ ዳግም እንዳይታጠፍ አዋልኩት። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ግሬስ ሥራችንን ልታይ መጥታ ግድግዳውን በእጇ ገፋችው። "ይሄ ተመልሶ እንደማይታጠፍ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"የያዝሽው ልክ ቦታው ላይ ነው" ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ማማ አዱት ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ጭቃው ላይ ጫን አደረጉ፤ ጣታቸው ሰጠመ።

"ሲደርቅ እገባለሁ ትላለች" አለችኝ አቾል። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ዝናቡ

ዝናቡ ሊያባራ በሚገባው ወቅት ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ይወርድ ጀመር። ጭቃው ይታጠባል፤ ሴቶቹ ይለጥፋሉ፤ እንደገና ይታጠባል። ቀርከሃዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ማማ አዱት ሸራቸውን ከበሩ ፊት ለፊት አስተክለው ግድግዳውን እያዩ ይውላሉ። ማሳል ጀመሩ፤ ከዚያ ትኩሳት። ክሊኒክ ወስደናቸው ወባም የሳንባ ምችም ነው ተብሎ ኪኒን ሰጡን። አቾል እንዲገቡ ለመነቻቸው። እኔም በያዝኳት ጥቂት የጁባ ዓረብኛ፣ "ማማ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ይግቡ" አልኳቸው። አነጋገሬ አሳቃቸው፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

"ያልደረቀ ቤት ገና ቤት አልሆነም ትላለች" አለችኝ አቾል። እናቷን ተሸክማ ልታስገባ ሞከረች፤ አሮጊቷ የሸራውን እንጨት ይዘው አልለቅ አሉ።

አንድ ቀን ዝናቡ ሳይመጣ ዋለ። አቾል ከቦቴው ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። እኔ ጀርባዬን ለማማ አዱት ሰጥቼ የተፈረፈረውን ግድግዳ እለጥፋለሁ። ዞር ስል ጭንቅላታቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል ብሏል። የተኙ መስሎኝ እንዳልቀሰቅሳቸው በቀስታ መለጠፌን ቀጠልኩ። ሞተው ነበር። መሞታቸውን ፊታቸውን አይታ ያወቀችው አቾል ናት፤ ውሃውን እንደያዘች ቆመች።

ከቀብሩ በኋላ የብሩክ ሠራተኞች ናሙናውን ሊወስዱ በፒክአፕ መጡ። ሴቶቹ ቤቱ ፊት ለፊት ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ አልተነሡላቸውም። ሰዎቹ በጀርባ ዞረው ማዕዘኖቹን ያዙና ሳቡ። እርጥቡ ጭቃ እጃቸው ላይ ቀረ እንጂ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ደውለውለት ብሩክ ራሱ መጣ። መጀመሪያ አቾል ፊት ጎንበስ ብሎ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት። ከዚያ ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

"ማን ነው እዚህ ጋ እንዲያዝ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።"

"ሰርተፍኬትሽን አልፈርምም፣ ሰብለ።"

"አትፈርም።"

ሴቶቹን አያቸው፤ ቤቱን አየ። ፒክአፑ ባዶውን ተመለሰ።

መልስ

አቾል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። ተቃቅፈን ስንለያይ ቤቱ ውስጥ እየተኛች እንደሆነ ጠየቅኳት። በአሉታ ራሷን ነቀነቀች፤ በእናቷ ሸራ ሥር ነው የምታድረው። ቦሌ ስደርስ እናቴ ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ፤ "ወረቀት ማጠፍ" አልኳት። ወርክሾፑ ውስጥ ለጓደኞቼ ተራራና ሸለቆውን አስተማርኩ፤ ከእጥፋቱ የሠራነው የመብራት ሽፋን ጥሩ ይሸጣል። ዱሮ አንድ ዕቃ ስነድፍ የሚያስጨንቀኝ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዘረጋ ነበር። አሁን ማን እንደሚያጥፈው፣ አጥፎም ወዴት እንደሚወስደው ሳላውቅ እርሳስ አላነሳም። ከጁባ ያመጣሁት ይህንን ነው፤ ዋጋውን የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም።

ኅዳር መገባደጃ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከወዲያ በኩል የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። አቾል ናት። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት። ዝናቡ ሙሉ በሙሉ እንዳቆመ ነገረችኝ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው፤ ስሟን ጠራሁ።

"አለሁ" አለች። "ጭቃው ደረቀ፣ እህቴ።"